የቡሬ አፍንጫ

መምህር በእውቀቱ ከባሕር ዳር ሥልጠና ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ማጉያ መነጽርና ብዙ ወሬ ነበር። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቹ ወንጀል በሳይንስ እንዴት እንደሚመረመር ለማስተማር ሌላ ዕቃ አላሻውም። የማህተሙን ቀለም ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዋሰ። ትምህርት ቤቱም አንድ ሳምንት ሙሉ ማህተም የሚባል ነገር ሳይመታ ከረመ።

"ሰው ስሙን ቢቀይር ጣቱን አይቀይርም" አለ መምህሩ። "ከብትም እንደዚያው ነው። የላም አፍንጫ እንደ ሰው ጣት የየራሱ አሻራ አለው።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ብርክቲ ብቻ አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

የቤት ሥራው የቤተሰብን አሻራ መሰብሰብ ነበር። ብርክቲ ከአባቷ ጀመረች። ዓለምነህ ፊደል ስላልቆጠረ ሲፈርም የኖረው በጣቱ ነው፤ ማስተማር አላስፈለገውም።

"ልታሳስሪኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?" እያለ ቀኝ አውራ ጣቱን ሰጣት። አምና ሩዝ ሲያጭድ ማጭድ የተወበት ጠባሳ አሻራውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ወጣ። መምህሩ በኋላ ከጎኑ በቀይ "ግሩም!" ብሎ ጻፈበት።

ቀጥሎ የእናቷ የይታይሽ ጣት ሆነ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ቡሬ የምትባለው ላማቸው። ቡሬ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ላሰችው። ምላሷ ወይን ጠጅ ሲሆን ይታይሽ ወተቱም እንደዚያው ሊወጣ ነው ብላ ጮኸች። በአራተኛው ብርክቲ አፍንጫዋን በጨርቅ አድርቃ ደብተሩን አስጠጋችላት።

ቡሬ የይታይሽ ናት፤ አባቷ ለሠርጓ የሰጧት ጊደር የልጅ ልጅ። የብርክቲ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከቅቤዋ ነው። ቡሬ በጥር ወር ከግጦሽ ሳትመለስ ስትቀር ታዲያ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

ዓለምነህ በዚያ ሳምንት ለወገቡ ብሎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ነበር። ወገቡ ተሽሎት፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ሲመለስ መርዶውን ሰማ። ከሚስቱ በላይ አለቀሰ።

"እንግዲህ ላሚቱ ካልተገኘች በመስከረም ትምህርት የለም" አለ ለብርክቲ። "ምን ላድርግ፣ ልጄ፤ የሌባ እጅ ይቆረጥ!"

በግንቦት ይታይሽ ከርብ ወንዝ ማዶ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ቡሬን የዚያው አገር ገበሬ በሆነው በአያ ማናዬ በረት አየቻት።

"ቡራቡሬ ያልሆነች ላም ፎገራ ላይ አሳዪኝ እስቲ!" አለ ማናዬ። "አማቼ ናቸው ከይፋግ ገበያ ገዝተው የሰጡኝ።"

"አማትህ የታሉ?"

"በሁዳዴ አረፉ።"

አገሩ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ከመቃብር ምስክር የሚጠራ ሰው ሌባ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዓለምነህ ግን ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት እንዲቀርብ አልፈለገም። "በከብት ምክንያት ከሰው አልጣላም፤ ትቅርብን" አለ። ትዕግሥቱን ያላደነቀ አልነበረም። ብርክቲ ነች አሻፈረኝ ያለችው፤ የሚቀረው የእሷ ትምህርት ነውና። ደብተሯን ብብቷ ውስጥ አድርጋ፣ መምህር በእውቀቱን አስከትላ፣ እናቷን ይዛ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀመጡ። ዓለምነህም ዘግይቶ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ፤ ላሚቱም ተጎትታ መጣች።

"ሰው ምሎ ሲመሰክር ኖሬያለሁ" አሉ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት። "በአፍንጫ ሲመሰከር ግን ማየቴ ዛሬ ገና ነው። በሉ፣ ቀጥሉ።"

መምህሩ የላሟን አፍንጫ ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ አሳረፈው። ከብርክቲ ደብተር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ በመነጽሩ አየ። መሪጌታም አዩ። ሽማግሌዎቹም እየተጋፉ አዩ። እያንዳንዷ መስመር ተመሳሰለች።

ይታይሽ እልልታዋን አቀለጠችው። የማናዬ ግንባር በላብ ተጠመቀ።

ይህን ጊዜ ሚስቱ ገላነሽ ከቤት እየሮጠች ደረሰች። ከሟች አባቷ ሣጥን ያገኘችውን የሽያጭ ወረቀት ለመሪጌታ ሰጠች።

"ሻጭ፣ ሰውመሆን ማረው" ብለው አነበቡ መሪጌታ። "እንዲህ የሚባል ሰው የምታውቁ አላችሁ?"

ማንም አላወቀውም። ከስሙ ሥር በቀለም የታተመ አውራ ጣት ብቻ አለ።

"ማናዬ ራሱ አትሞበት ይሆናላ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ዓለምነህ ተነሣ። "መሪጌታ፣ ላሚቱ ከተገኘች ይበቃናል። ይቅር በሉት፤ የልጆች አባት ነው። ወረቀቱም ይቀደድ።"

"ተባረክ!" አሉ ሽማግሌዎቹ። "እንዳንተ ያለውን ያብዛልን።"

"አይቀደድም፣ አባዬ!" አለች ብርክቲ። እንዲህ ያለ አባት ስላላት ኮርታለች፤ ግን ሳይንስ ግማሽ መንገድ ላይ አይቆምም። "ጣቱ እኮ አለ። ሌባው ዛሬ ይታወቅ።"

መምህሩ መነጽሩን ሰጣት። "እንግዲያው አንቺው እዪው።"

ማናዬ አውራ ጣቱን ዘረጋ። ብርክቲ ቀለም ቀብታ ደብተሯ ላይ አተመችው፤ የሽያጩን ወረቀት ከጎኑ አድርጋ ጎንበስ አለች። የማናዬ አሻራ እንከን የሌለው ጠመዝማዛ ነው። የወረቀቱን ግን አንድ ቀጭን ነጭ መስመር መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል።

ወደ ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ መግለጥ አላስፈለጋትም።

"ምን አየሽ፣ ልጄ?" አለች እናቷ። "የማን ነው?"

ብርክቲ ቀና ስትል አባቷ ቀኝ እጁን በአዲሱ ጃኬት ኪስ ከቶታል።