አንሶላ በየቀኑ ይቀየራል

የሃሴት ሥራ መጻፍ ነው። ለፀጉር ቤት፣ ለኬክ ቤት፣ ለጫማ ሻጭ፣ ብቻ ሀዋሳ ውስጥ ደጁን ከፍቶ ደንበኛ ለሚጠብቅ ሁሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ትጽፋለች። ትጽፍ ነበር ማለት ይሻላል። አሁን የቀራት አንድ ደንበኛ ነው፤ ታቦር ተራራ ሥር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አቶ ወርቁ።

እሳቸውም ከተዉአት ወደ ዲላ ትመለሳለች። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ይህ የስልክ ሥራ ክረምት እስኪገባ ሰው ካላደረጋት እሳቸው ሱቅ ገብታ ሚስማርና ቆርቆሮ ትሸጣለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰምሮላት ነበር። «የምድር ገነት» የሚል ወሬ ማንንም እንደማያመጣ ቶሎ ገብቷታል። ሲጓዝ ውሎ የደከመው ሰው ገነት ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው ንጹሕ አልጋ ነው። ስለዚህ ለአቶ ወርቁ ማረፊያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኛ ዘንድ አንሶላ በየቀኑ ይቀየራል፤ በእጅ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ።» ከሥሩ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ለጠፈች። በሳምንቱ ክፍሎቹ ሁሉ ተያዙ።

አቶ ወርቁ ፊታቸው በራ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደስታነሽም ከአንሶላ እጥበት ተነስተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡና «አንቺ ልጅ፣ ጽሑፍሽ እኮ ጉድ ነው! ሁሉንም ነው የማነበው» አሏት።

«ደስታ! ላይኛው ክፍል ፎጣ ይላሉ!» አሉ አቶ ወርቁ።

ወይዘሮ ደስታነሽ ተመልሰው ገቡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ሃሴትን ምሳ ሳያበሉ ሸኝተዋት አያውቁም።

ከዚያ «እውነቱ ይነገር» መጣ።

ስሙ ይኸው ነው፤ ፎቶው ቀይ አበባ። ሃሴት አንድ ነገር ስትለጥፍ እሱ ሥሩ ከች ይላል። «ፎቶው ሌላ፣ ቤቱ ሌላ።» «አንሶላው እርጥብ ነው፤ የተኛበት ሁሉ ጉንፋን ይዞ ነው የወጣው።» ዝናብ በዘነበ ቀን ደግሞ ይብስበታል። ብታግደው በማግስቱ ሌላ አበባ ለጥፎ ይመለሳል። አንባቢው ይስቃል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ የያዘውን ክፍል ይሰርዛል። ኬክ ቤቱም ጫማ ሻጩም «አንቺን ስድብ ይከተልሻል» ብለው ተሰናበቷት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሃሴትም በጤናዋ የማታደርገውን አደረገች። ሶሊያና የምትባል እንግዳ ከሐሳቧ ፈጥራ በስሟ ምስጋና ጻፈች፦ «እናቴ ቤት የተኛሁ ነው የመሰለኝ።» ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ።

«ሶሊያና የምትባል ሰው እዚያ ቤት አድራ አታውቅም።»

ሃሴት ክው አለች። ማን እንዳደረና ማን እንዳላደረ የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው! በሩን የሚያይ ሰው! በሩን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከፊት ለፊት ሌላ ማረፊያ ያላቸው አቶ ግርማ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥሩ የሚውሉት።

ባጃጅ ይዛ በረረች።

«ጋሽ ግርማ፣ ምን አድርጌዎት ነው?»

«እኔን? ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ?»

ስልኳን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ሳቁ። «የወርቁ ቤት ሲሞላ የተረፈው እንግዳ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እሱን አዘግቼ ምን ልጠቀም?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ወርቁ እንደሆነ የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ነው። ማንን እንዳስቀየመ ራሱን ጠይቂው።»

ሃሴት ሳቃቸው አላማራትም። ጎረቤቱን በዚህ አፍ የሚያማ ሰው ምን አይጽፍም ብላ ደመደመች። መንገዱን ተሻገረች።

አቶ ወርቁ በር ላይ አገኟት። «መጣሽ? እኔም ልደውልልሽ ነበር። በቃኝ፣ ሃሴት። ክፍሎቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወር ላከራያቸው ነው። አንሶላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ፤ ጣጣ የለው። ከእንግዲህ ማስታወቂያም አያስፈልገኝ።»

«ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ፣ ጋሼ! በእግዜር! ሰውዬው ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ጋሽ ግርማ ናቸው።»

«ቢሆንስ? ዕድርተኛዬ ነው። ነገ ብሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው። በስልክ ወሬ አልጣላውም።»

ይህን ብለው ከተማሪዎቹ ጋር ሊነጋገሩ ወጡ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሃሴት ጓሮ ዞራ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ዲላ፣ ሱቁ፣ የአባቷ «ብዬሽ አልነበረም?» ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ወይዘሮ ደስታነሽ ድምፅዋን ሰምተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ሃሴት እኚህን ሴት ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም ነበር።

«አሸነፈኝ፣ እትዬ» አለች። «የቻልኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ያ ሰው ግን አሸነፈኝ። ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጨከነብኝ?»

ወይዘሮ ደስታነሽ ሳሙና በበላው ጣታቸው ጉንጯን ጠረጉላት።

«አይዞሽ፣ ልጄ፤ አንቺን ልጎዳ ብዬ አልጻፍኩትም።»