ከጠርሙሱ ማዶ

የጠርሙሱን የአየር ፓምፕ አጠፋሁና ሽሪምፖቹ የወጡበት የእንቁላል ቅርፊት ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ጠበቅሁ። ለዓሣ ምግብ በጨው ውሃ የፈለፈልኳቸው እነዚህ የውሃ ነፍሳት ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳሉ፤ ወደ ብርሃን ስለሚዋኙ የሚሰበሰቡት በመብራት ነው። ስለዚህ የእጅ ባትሪዬን ከጠርሙሱ በስተቀኝ አበራሁ።

በስተግራ ተሰበሰቡ።

ባትሪውን ወደ ግራ ወሰድኩት። ብርቱካናማው ደመና ወደ ቀኝ ሄደ፤ አንድ ሰው ከማዶ እየዞረ የደመቀ መብራት የያዘላቸው ይመስል።

በሩ ላይ ቆማ የምታየኝ አክስቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የዓሣ ሞግዚት ሆነሽ ቀረሽ። ድፊውና ውጪ፤ ከማይታይ ነገር ጋር እልህ አይያዙም።"

"የዓሣ ጫጩቶቹ ከዚህ ሌላ አይበሉም፣ አክስቴ። ዛሬ ካልበሉ ያልቃሉ። የማይታየው ይውጣ፤ እኔ ምን በወጣኝ።"

ከዚያ ማንም ወዳልቆመበት ወገን ቀና አልኩ።

"ማንም ሁን፣ ያንተን አጥፋው።"

የጠፋ ነገር አላየሁም። ደመናው ግን መሃል ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያም ተግተልትሎ ወደ እኔ ባትሪ መጣ።

አክስቴ በሩ ላይ የለችም። ሽሪምፖቹን በቀጭን ቱቦ ስቤ አጠለልኳቸው፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ለዓሣ ጫጩቶቼ ጨመርኩላቸው። ሁሉም በሉ። ማጥለያውን አጥቤ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።