ፊርማ የሚጠብቀው ዊልቸር

ዊልቸር በሚሠራበት ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ ነጩ ሰሌዳ የተሰቀለው ሰኞ ጠዋት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ወጣት አሰልጣኝ በእስክሪብቶ ለአራት ከፋፈለው፦ የሚሠራ፣ በመሠራት ላይ፣ ፊርማ የሚጠብቅ፣ ያለቀ።

«አጃይል የሚባል የአሠራር ዘዴ ነው» አለ። «እያንዳንዱ ሥራ ባለቀለም ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። በየጠዋቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመን እንነጋገራለን። መቀመጥ የለም።»

«እግዜር ያሳይህ፣ እኛ መቼ ተቀምጠን እናውቃለን?» አለ በያጁ።

ሠራተኞቹ ዕለቱን «አቶ ቁሙ» የሚል ስም አወጡለት።

የወርክሾፑ ኃላፊ ግን በሰሌዳው ላይ ተስፋ ጣለች። በሆዷ የያዘችው ጉዳይ ነበራት። እግሮቿ የማይታዘዙላት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች፤ እናቷ እያዘለች ስታመላልሳት ቆይታ ወገቧ እምቢ ስላላት ልጅቷ ዓምና ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ኃላፊዋ የልጅቷን ጉንጭ ይዛ «ዘንድሮ በራስሽ ዊልቸር ትገቢያለሽ» ብላታለች። ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ በሳምንቱ ነው።

ለልጅቷ ዊልቸር ሮዝ ወረቀት ተለጠፈ።

እውነት ለመናገር ሰሌዳው ረድቷል። በያጁና መቀመጫ ሰፊዋ «ያዘገየኸው አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» መባባላቸውን ተዉ፤ ማን ጋ ምን እንዳለ ሁሉም ያያል። የልጅቷ ዊልቸር በሦስት ቀን አልቆ ሐሙስ ግምጃ ቤት ገባ። ሮዟ ወረቀትም «ፊርማ የሚጠብቅ» የሚለው ሥር ተለጠፈች።

እዚያው ቀረች።

በነፃ የሚሰጥ ዊልቸር ከግምጃ ቤት እንዲወጣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ ሦስት ሰዎች መፈረም አለባቸው። አንዱ መስክ ወጥቷል። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። ሦስተኛው ሁለቱ ሳይፈርሙ ብዕር አያነሳም። አቶ ቁሙ ለዚህም ዘዴ አላጣም፤ ሮዟን ወረቀት በሦስት ትናንሽ ሮዝ ወረቀቶች ተካት፦ ፊርማ አንድ፣ ፊርማ ሁለት፣ ፊርማ ሦስት።

«ተመስገን» አለች ሰፊዋ፣ «አንድ የቆመ ነገር ነበረን፤ አሁን ሦስት ሆነልን።»

ፈራሚዎቹ ሩቅ ናቸው፤ ቅርብ ያሉት ጋሼ ቁልፍ ናቸው። ግምጃ ቤቱን ሃያ ዓመት የያዙ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር እዚያ ክፍል የሚገባ የለም። ትምህርት በተከፈተበት ሰኞ ማርፈድ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲነጋገር እሳቸው የሉም፤ ልክ ሲበተን ላባቸውን እየጠረጉ ብቅ ይላሉ።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ እኮ ስብሰባው ጎደሎ ነው» አላቸው አቶ ቁሙ።

«ግዴለም ልጄ፣ እናንተ በርቱ።»

«የልጅቷ ዊልቸርስ?»

«ወረቀቱ ነው የቆመው» አሉና ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ አለፉ።

ከበያጁ የጎማ መንፊያ ተውሰውም ሳይመልሱ ቀሩ።

«ሽማግሌው ምን ሊነፉበት ነው?» አለ በያጁ።

«ኩራታቸውን ይሆናላ» አለች ሰፊዋ፤ ተሳሳቁ።

ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። የልጅቷ እናት ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ትቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። «ተስፋ ቆርጣ ነው» አለች በልቧ። ልትደውልላት ስልኩን ታነሳለች፤ «ምን ብዬ?» ትልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። በጸለየች ቁጥር የልጅቷ ፊት ድቅን ይልባታል።

አንድ ወር ሆነ፤ ሁለት ሆነ፤ ሦስተኛው ገባ። አቶ ቁሙ ስለ ስብሰባዎቹ የሚነጋገር ሌላ ስብሰባ ጠራ። ሰሌዳው ላይ «እንቅፋት» የሚል አምስተኛ ክፍል ጨመረ። በያጁ አንድ ቢጫ ወረቀት አንሥቶ «ጋሼ ቁልፍ» ብሎ ጻፈና ለጠፈው። ማንም አላነሳውም። ኃላፊዋም አይታው አለፈች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስተኛው ፊርማ ደረሰ።

«አለቀ!» ብሎ ዘለለ አቶ ቁሙ። ሦስቱን ሮዝ ወረቀቶች አንድ በአንድ እየላጠ «ያለቀ» ሥር ለጠፋቸው። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሰፊዋ እልል አለች። የኃላፊዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ዛሬውኑ ቤቷ ድረስ እወስድላታለሁ» አለች። «እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ተያይዘው ወደ ግምጃ ቤት ሄዱ። ጋሼ ቁልፍ ገና መድረሳቸው ነበር። የተፈረመውን ወረቀት ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በሩን ከፈቱ።

የዊልቸሩ ቦታ ባዶ ነው። አቧራ ከያዘው ሰንብቷል።

«የት አለ?» አለች ኃላፊዋ።

«ወጥቷል።»

«ያለ ፊርማ?»

ጋሼ ቁልፍ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ በያጁ። «ሸጠውታል! ጠዋት ጠዋት የሚጠፉት ለዚህ ነው!»

አቶ ቁሙ ምን ቀለም ወረቀት እንደሚያወጣ ግራ ገብቶት ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ኃላፊዋ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ በልጅ? ከሰው ሁሉ መርጠው በልጅ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይህኔ ከኋላቸው አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሁሉም ዞሩ። የልጅቷ እናት ነበረች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሥራ ላይ መጣሁባችሁ» አለች፤ «የትምህርት ቤቱ መንገድ ኮረኮንች ሆኖ ጋሼ በየጠዋቱ እየገፉ ሲያደርሷት የኋላ ጎማው አለቀብን፤ ትቀይሩላት ይሆን?»