ከሮም ቡዳፔስት

«ከሮም ቡዳፔስት በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል የእድራችን ዳኛ አቶ ጉታ፣ ቤቴ ገብተው ገና ሳይቀመጡ። ትኬት ቆራጭ ስለሆንኩ የሰማዩ መንገድ ሁሉ በእጄ ይመስላቸዋል።

«ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።»

«ሸጎሌ በእግር ደርሶ ከመመለስ ያንሳላ!» ይላሉ እትዬ ታየች።

የእትዬ ታየች የወንድም ልጅ ዓምሃ፣ ለትምህርት በሄደበት ቡዳፔስት፣ ሐሙስ ዕለት መኪና ገጭቶት ሞቷል። አስከሬኑ እንደማይመጣ ቁርጡ ተነግሮናል፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወላጆቹ አልሰሙም፤ ነገ ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ መርዶውን ይነግራቸዋል።

እህቱ ዘርትሁን ግን ሮም ናት፣ አንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ። ሦስት ዓመት በዚህች ርቀት ኖረው አልተያዩም። እሷ ከአገር ጠፍታ የቀረች፣ እሱ መንግሥት የላከው ተማሪ፤ ብትገናኙ መዘዝ ነው ብለን የከለከልናቸው እኛው ነን። ይህ ያንገበግበኛል።

አሁን እሱ ይማርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ቡዳፔስት የምትገባበትን ፈቃድ አስጨርሶላታል። የጠዋቱን አውሮፕላን ከያዘች ከዘመድ አንድ ሰው መቃብሩ ላይ ይቆማል። ለዚህ ደግሞ ዛሬውኑ መስማት አለባት። በስልክ፣ ብቻዋን።

«መርዶ በስልክ?» እትዬ ታየች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። «ማን ይይዛታል? ራሷን ብትፈጠፍጥስ?»

«ታሟል ልበላት?» እላለሁ።

«ታሟል ብላ ስትሮጥ ሄዳ ሬሳ ሳጥን ላይ ትድረስ? ተው ጉልላት!» ይሉኛል እትዬ ታየች።

ኦፕሬተሯ ግማሽ ሰዓት አስጠብቃ ታገናኘናለች። ሦስታችንም ጆሯችንን መነጋገሪያው ላይ እንደቅናለን።

«ጋሼ ጉልላት! እንዴት ናችሁ? እማዬ ደኅና ናት?» ደስታዋ ቤቴን ይሞላዋል።

አቶ ጉታ መነጋገሪያውን ይቀበሉኛል። «ደኅና ነን ልጄ። አሠሪሽ አሉ? እስቲ አቅርቢልኝ።»

አቶ ጉታ በወጣትነታቸው የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። የሚያውቁት ጣሊያንኛ ከመኪና ዕቃ ስም ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ላብ እያጠመቃቸው ወንድሟ መሞቱን ለሴትዮዋ ያስረዳሉ። ልጅቷ ገና አለመስማቷንም ይነግሯቸዋል። «ያዟት» የሚለው ቃል ሲጠፋባቸው ትክሻቸው ላይ መነጋገሪያውን ሸጉጠው በሁለት እጃቸው አየሩን ያቅፋሉ፣ ሴትዮዋ የሚያዩዋቸው ይመስል።

በመስመሩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከዚያ የሴትዮዋ አጭር ቃል።

«እሺ ብለዋል» ይላሉ አቶ ጉታ፣ መነጋገሪያውን ለእትዬ ታየች እየሰጡ።

እትዬ ታየች ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። «ዘርትሁንዬ፣ ሴትዮዋ አጠገብሽ ናቸው?»

«አቅፈውኛል እኮ፣ እትዬ» ትላለች ልጅቷ። «ግን ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?»