ሬሳው የታመመበት ቴአትር

ናዝራዊት ያርጋል የጻፈችው ቴአትር አጭር ነበር። አንድ ቆጥቋጣ ሽማግሌ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስለት ለማወቅ «ሞቷል» አስብሎ ይጋደማል።

ቀልዶቹ በሙሉ የአባቷ ናቸው። አባቷ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ፣ የብሔራዊ ፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ ነው፤ ወግ ሲጀምር ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ሳሩን ትቶ ያዳምጠዋል። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ደባርቅ ወርዶ ሊያይላት ቃል ገብቷል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሱን ቀልድ ከመድረክ ሲሰማ ፊቱን ማየት።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰብስቤ ጽሑፉን አስመጡ። ቀይ እስክርቢቷቸው የሊማሊሞን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማስመር የሚበቃ ነበር። መጀመሪያ ስድቡን ሰረዙ። በማግስቱ «ሞተ» የሚለውን «ታመመ» አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ሬሳው በሽተኛ፣ ቀብሩ ስብሰባ ሆነ።

«ጋሼ፣ ሰውየው ካልሞተ ጎረቤቱ ለምን ይሰበሰባል?»

«ስለ ጤና ይወያይ።»

«ታዲያ በስብሰባ ላይ ሙሾ ይወረዳል?»

«ሙሾውም ወጥቷል።»

«ምን አጠፋሁ?»

አቶ ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ከወረዳ እንግዳ ይመጣል። አንቺ ፈተናሽን አጥኚ።»

ለአባቷ ልትነግረው ደወለች፤ አይሠራም። ጨነቅ ላይ ኔትወርክ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት ነው፤ ስለዚህ አልገረማትም።

ተዋንያኑም አልተከራከሩላት። ስትመጣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የሽማግሌውን ሚስት የምትጫወተው አብራት የተከራየችው ሐመልማል ነበረች። በልምምድ ስታለቅስ ዳባት ያሉ ውሾች ይመልሱላት ነበር። አሁን ግን ድምፅዋ ጠፋ።

«አንቺ እንኳ አልቅሺ እንጂ!»

«አላለቅስም።»

«ፈሪ! ወረዳው ይበላሻል?»

«እሺ፣ ፈሪ በይኝ» አለች ሐመልማል። የሁለቱንም ልብስ ማጠቧን ቀጠለች። ሰሞኑን ውኃ መቅዳቱንም ለብቻዋ ይዛዋለች።

ፈተናው ሐሙስ አለቀ። ዓርብ ቴአትሩ ታየ። በሽተኛው ተጋደመ፣ ጎረቤቶቹ ስለ ጤና ተወያዩ፣ በሽተኛው ተነሣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ አንድም ሰው አልሳቀም። አንዲት አስተማሪ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ከወረዳ የተባለው እንግዳም የለ።

አባቷም አልመጣም።

«እንኳን ቀረ፤ ይህን ከሚያይ» አለች ናዝራዊት። ጽሑፉን አጣጥፋ ከፍራሹ ሥር ከተተችውና ተኛች።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ሰብስቤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከጨነቅ የወረዱ ቄስና አራት ሽማግሌዎች አሉ።

«ልጄ» አሉ አቶ ሰብስቤ፤ «ፈተናሽ እስኪያልቅ ብለን ነው።»