የጣሃ ጣት

ነርሷ ሐመልማል የኮምፒውተሩን አንድ ቁልፍ ትጫናለች። ገጹ ራሱን በራሱ ይሞላል። ትንሽ የተወጋ ቁስል። ደም የለም። ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ሕመሙ ቀላል ነው። ታጥቦ፣ የቴታነስ ክትባት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተሸኘ።

ቴምፕሌቱን፣ ይህን አስቀድሞ የተጻፈ ቅጽ፣ ያዘጋጀችው ራሷ ናት። ከሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ምስማርና ሽቦ እየወጋቸው የሚመጡት ሲበዙባት፣ አንዱን ነገር ደጋግማ መጻፍ ሰልችቷት ነው። አሁን የድንገተኛ ክፍሉ ነርሶች ሁሉ ይሠሩበታል። እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉዳት ያለ ሐኪም አይታ መሸኘት ተፈቅዶላታል። ከእሷ ቀጥሎ የሚያየው ሰው የለም።

አልጋው ላይ የተቀመጠው ጣሃ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ይዟል። አመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ የሰሊጥ ፍሬ አታክልም።

«ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቁጥር ንገረኝ።»

«ሁለት።»

ክፍሉ በኤሲ ቀዝቅዟል። የልጁ የላይኛው ከንፈር ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ሐመልማል ጣቷን ከማረጋገጫው ቁልፍ ላይ ታነሳለች። አገር ቤት ሰው እግሩ ተሰብሮም «እንዴት ነህ» ሲሉት «ደህና» ነው የሚለው።

«ምን ቀረሽ እህቴ? ምስማር ነው አልኩሽ!» ትላለች እህቱ መሊካ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። «መኝታ ክፍሉ ውስጥ ምስማር ወጋው፣ ኸላስ፣ በቃ። ወሎ ቢሆን ተፍተንበት ነበር የምናልፈው።»

ሐመልማል የጣቱን መሐል በቀስታ ጫን ትላለች። ጣሃ ድምፅ አያሰማም፤ ትከሻው ግን ይዘላል። ጣቱ አብጦ ተወጥሯል፤ ገርጥቷል፤ ይቀዘቅዛል። መዳፉን ስትነካውም ይዘላል። ወደ እሱ ጎንበስ ስትል፣ ሌላው ሰውነቱ በሳሙና ታሽቶ ጸድቶ፣ ከጆሮው ጀርባ የተረሳ የነጭ ቀለም ነጠብጣብ ታያለች።

ወደ ኮምፒውተሩ ትመለሳለች። «ሕመሙ ቀላል ነው» የሚለውን ታጠፋለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ታጠፋለች። ገጹ እስኪነጣ ድረስ ታጠፋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ትላለች መሊካ።

«ያልጠየቅሁትን እያጠፋሁ ነው። ሥራው ምንድን ነው?»

«ባልዲ ነው የሚያጥበው» ትላለች መሊካ ቶሎ ብላ።

«የቀለም ባልዲ?»

ሐመልማል ወንበሯን ወደ ሁለቱም ታዞራለች።

«ስሙኝ። በማሽን የሚረጭ ቀለም ጣት ከበሳ፣ ቀዳዳው ከዚህ አይበልጥም። ቀለሙ ግን በውስጥ በውስጡ ወደ መዳፍ ይሄዳል። ምስማር ነው ብዬ ብሸኘው ጣቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይቆረጣል። ምናልባት ጣቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቀለም ከሆነ ቀዶ ሐኪሙን አሁኑኑ እጠራለሁ። ባትነግሩኝም ከዚህ አልጋ አይወርድም፤ ግን እስካጣራ ጊዜው ይሄድበታል።»

መሊካ ወደ መጋረጃው ዞር ብላ ታያለች። ድምፅዋ ይወርዳል።

«ሙዲሩ፣ አለቃው፣ የማዳሜ ባል ነው። እኔ እነሱ ቤት ነው የምሠራው። ዋላሂ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው ይሄን ልጅ ያስቀጠርኩት። ሥራ ላይ ነው የተጎዳው ከተባለ ሙዲሩ ላይ ፖሊስ ይመጣል። የጣሃንም የኔንም ቪዛ ባንድ ቀን ነው የሚሰርዘው። ‹ምስማር በሉ› ብሎ ነው ከሾፌሩ ጋር የላከን።»

«ስለ ቪዛው የማውቀው የለም» ትላለች ሐመልማል። «የማውቀው ጣቱን ነው። ጣሃ፣ እህትህን ተዋትና እኔን እየኝ። በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?»

ልጁ ጉልበቱን ያያል።

«የቀለም መርጫውን። አፉ ተዘጋብኝ። በጣቴ ልጠርገው ስል ተኮሰ።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«እስካሁን ምን ስትሠሩ ቆያችሁ?»

«መጀመሪያ ታጠብ አሉኝ። ልብስ ቀየርኩ። ከዚያ ሾፌሩ እስኪመጣ ጠበቅን።»

ሐመልማል ባዶው ገጽ ላይ እሱ በተናገረው ቃል ትጽፋለች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ቀዶ ሐኪሙን ታስጠራለች። ሐኪሙ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሆነ ሲጠይቃት «ጉዳቱ በቀዳዳው አይለካም፣ ይምጡና ይዩት» ትለዋለች። ወደ ቀዶ ሕክምና የሚወስደው ባለጎማ አልጋ እንዲመጣ ታዛለች። ከዚያ እንደገና ወደ ልጁ ትዞራለች።

«አሁን ደግሜ ልጠይቅህ። ሕመሙ ስንት ነው?»

ጣሃ ትንሽ ያስባል። «ከአሥር በላይ መናገር ይፈቀዳል?»

መሊካ አፏን በሻርፗ ትይዛለች።

አንድ መስመር ቀርቷል፤ የተጎዳበት ቦታ። ሐመልማል እጇ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ መሊካን ታያታለች። አትጠይቃትም። ኮሪደሩ ውስጥ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ጻፊው» ትላለች መሊካ።

«ምን ብዬ?»

«ሥራ ቦታ ብለሽ ነዋ! የወርክሾፑንም ስም እነግርሻለሁ። ወንድሜ ባንድ እጁ ቀርቶ እኔ የማን ቤት ነው የምጠርገው?»

ሐመልማል ትጽፋለች። ማረጋገጫውን ትጫናለች።

አልጋውን የሚገፋው ሰው መጋረጃውን ከፍቶ ጣሃን ባመጣው አልጋ ላይ ያስተኛል። የጣሃ እጅ ከልቡ ከፍ ብሎ መያዝ እንዳለበት ሐመልማል ስታሳያት፣ መሊካ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ የወንድሟን ክንድ በሁለት እጇ ወደ ላይ ታነሳለች። በኮሪደሩ ከአልጋው እኩል ትራመዳለች፤ አልጋው ሲፈጥን ትሮጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ ጮሆ ያቆማል፤ እንደገና ይጮሃል። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል።