የሚቆረቁረው የጋሽ ሱሌማን ጥርስ

ጋሽ ሱሌማን ለዘጠነኛ ጊዜ መጡ። አሁንም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሁንም ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው።

«ዛሬ ደግሞ በግራ በኩል ቆረቆረኝ» አሉ ገና ከበሩ።

ዶክተር ሉሊ ብስኩቷን መሳቢያ ውስጥ ከታ ብድግ አለች። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ያ ሁሉ ታካሚ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ረዳቷም ሌላ ሥራ አግኝታለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት ሉሊና ስካነሩ ናቸው። ስካነሩ ጢጥ ባለ ቁጥር «እሺ በቃ፣ ሰማሁ!» ትለዋለች። ሰው ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ሥራ ነዋ።

የሽማግሌውን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሠራችው በዚሁ ስካነር ነው። እንደ ድሮው አፍ ሙሉ ሊጥ የመሰለ ነገር ጎርሶ መታነቅ ቀርቷል። ትንሿን ካሜራ አፍ ውስጥ አስገብቶ ድዱን ከዳር እስከ ዳር ማስጎብኘት፣ በቃ፤ ኮምፒውተሩ ቅርጹን ይሥለዋል። ለወሬ ቀላል ነው። ጥርስ የሌለው ድድ ግን ልሙጥ ነው፤ ካሜራዋ የምትይዘው ምልክት ታጣና መንገድ ይጠፋባታል። ምራቁን ማድረቅ፣ ጉንጩን ገለጥ አድርጎ መያዝ፣ ሳይቸኩሉ ከአንድ ጫፍ መጀመር ያስፈልጋል። ሉሊ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠፍቶባት ሦስት ጊዜ ጀመረች።

«ምልክት አጣ አይደል?» አሉ ጋሽ ሱሌማን በባዶ ድዳቸው ፈገግ ብለው። «ካዛንቺስ ሆነበታ!»

ሉሊ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጥርሱ አምሮ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን «ቆረቆረኝ» ብለው መጡ። የጥርሱን የውስጥ በኩል ስካን አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ከድዳቸው ቅርጽ ጋር አገጣጠመችው። የጠበቀ ቦታ ካለ ቀይ ያሳያል፣ ልኩ ከሆነ አረንጓዴ። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

«ጋሽ ሱሌማን፣ እኔ ምንም አላየሁም።»

«ማሽን ምን ያውቃል! ይኸው፣ ይቺን ማኘክ አቃተኝ» ብለው ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። ቆጮ ነው፣ አይብና ጎመን ያለው፣ ገና ትኩስ። «እስኪ አንቺ ቅመሺው፤ ጥፋቱ የሱ ነው የጥርሴ?»

ቀመሰች። ለስላሳ ነው። «ከወዲያኛውም በኩል እይው» አሏት። እሳቸው ስለ ጨርቅ ሱቃቸው ሲያወሩ፣ እሷ ሳታውቀው ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይኸው ሆነ። አንድ ቀን ሳምቡሳ፣ አንድ ቀን ሩዝ በሥጋ፤ ሁሉም ለማኘክ ያስቸገራቸው። መቆርቆሩም አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ይላል።

ሉሊ ሞኝ አይደለችም። በአራተኛው ቀን ገብቷታል። የታመመው ድዳቸው አይደለም። ሱቃቸው ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ጎረቤቱ ተበታትኗል፤ እሳቸውም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አንዴ «ቤት ውስጥ ማን አለ?» ስትላቸው «አላህ አለ» ብለው ወሬ ቀየሩ። አንጀቷን በሏት። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብላ፣ ምንም ያልሆነውን ጥርስ ሞረድ ሞረድ ያደረገች እያስመሰለች ትመልስላቸዋለች።

ችግሩ ሀኒ ናት። አብራት የተማረችው ሀኒ ኦሎምፒያ ሰፈር ትልቅ ክሊኒክ ከፍታለች። «ሉልዬ፣ ማለቴ፣ እዚያ ባዶ ፎቅ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ስካነርሽን ይዘሽ ነይ በቃ! እስከ ዓርብ ካልነገርሽኝ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብላታለች። ሉሊ መሄድ ትፈልጋለች፤ እንዴት አትፈልግ! ግን እሳቸውስ?

በዚህ በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ምሳው ካለቀ በኋላ እያባበለች ነገረቻቸው።

«ኦሎምፒያ?» አሉ። «እዚያ ሰው አለ?»

«ሞልቷል። ስድስት ሐኪም ነው ያለው።»

«ምሳ አብረው ነው የሚበሉት?»

«መሰለኝ።»

ጋሽ ሱሌማን ባዶውን ምሳ ዕቃ ከደኑ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አልሐምዱሊላህ። ሂጂ ልጄ፣ እንዳታመነቺ። ጥርሱም ወላሂ ለቀቀኝ» ብለው ተነሡ።

ሽማግሌ ሰው ሲያስመስል ያሳዝናል። ሉሊ ከሕንፃው ወጥተው እስኪሰወሩ ድረስ በመስኮት አየቻቸው።

ሐሙስ አልመጡም። ዓርብም ስድስት ተኩል አለፈ፣ ሰባት ሆነ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ብስኩቷን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ሰው ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቢወድቅ ማን ያውቃል? ለሀኒ ደወለች።

«አልመጣም።»

«አብደሻል እንዴ? ለምን?»

«ጥያቸው የማልሄድ ታካሚ አሉ። ከእኔ በቀር ሰው የላቸውም።»

ሀኒ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ ነው። ለሌላኛዋ ልደውልላት» ብላ ዘጋች።

ሉሊ የሕክምና ካርዳቸው ላይ ያለውን አድራሻ ይዛ ታክሲ ገባች። የሰንጋ ተራውን ሕንፃ ደረጃ ስትወጣ የምትላቸውን በልቧ ትለማመድ ነበር፤ አልሄድም፣ አለሁልዎ። አራተኛ ፎቅ በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ ጫጫታና ሳቅ ሰማች። ቤት የተሳሳተች መስሏት ቁጥሩን ደግማ አየች። ትክክል ነው። አንኳኳች።

ሻሽ ያሰሩ ደርባባ ሴትዮ ከፈቱላት። ከኋላቸው ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ልጆች፣ ምራቶች፣ የልጅ ልጆች አንድ ትልቅ ትሪ ከበዋል። ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት ጋሽ ሱሌማን መሃል ተቀምጠው አጥንት ይግጣሉ። ሲያዩዋት እጃቸው ባለበት ቀረ።

ሴትዮዋ ሉሊን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ እያስገቡ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ሱሌማን፣ ሰው የላትም እያልክ ምሳ ስታስቋጥረኝ የከረምከው ለዚች ልጅ ነው?»